«ስልክህ አርጅቷል» ከመባሉ በፊት ይለካ

ስልክ ሲንቀራፈፍ የሚሰጠው ምክር ያው አንድ ነው፦ «አርጅቷል፣ ቀይረው!» መቀየር ቢቻልማ ማን ይጠላል? ግን 2 ወይም 3 ጊጋባይት ራም ያለው ስልክ ለብዙ ተማሪና ሥራ ፈላጊ ባንኩም፣ ቤተ መጻሕፍቱም፣ ቢሮውም እሱ ነው። ስለዚህ ስልኩ ላይ ከመፈረዳችን በፊት እንለካ። ጥፋቱ የስልኩ ነው ወይስ የአፑ?

ራም ማለት ፎቶና ቪዲዮ የምናከማችበት ቦታ አይደለም፤ ስልኩ አሁን የሚሠራበትን ነገር የሚዘረጋበት ጠረጴዛ ነው። አፕ ሲከፈት ቦታ ይወስዳል፣ ሲጨርስ መመለስ አለበት። በደንብ ያልተሠራ አፕ ግን የወሰደውን ሳይመልስ ሌላ ይጨምራል። ፕሮግራመሮች ይህን «ሚሞሪ ሊክ» ይሉታል። የጠጣበትን ብርጭቆ ሳይመልስ ሌላ የሚያዝ የሻይ ቤት ደንበኛ አስቡ፤ እንደሱ ያሉ አምስት ስድስት ሰዎች ከመጡ ለሌላው የሚቀዳበት ይጠፋል። አንድሮይድም ራም ሲያጥረው ከኋላ ያሉትን አፖች ይዘጋል። ፎርም እየሞላችሁ በኤስኤምኤስ የመጣ ኮድ ልታዩ ሄዳችሁ ስትመለሱ ሁሉም ከዜሮ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ መፍትሔው «ራም አጽጂ» አፕ መጫን ነው? በፍጹም! እነዚህ አፖች ከኋላ ያሉትን ይዘጋሉ፤ የተዘጋው ግን ስትፈልጉት እንደ አዲስ ይነሳል፣ ባትሪም ይበላል። አጽጂው ራሱም እኮ ራም ይይዛል። ደግሞ ራም መሙላቱ ብቻውን በሽታ አይደለም። አንድሮይድ በቅርቡ የተጠቀማችሁበትን አፕ እዚያ የሚያቆየው ቶሎ እንዲከፈትላችሁ ነው።

መለኪያው ስልካችሁ ውስጥ አለ። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ሴቲንግ ገብታችሁ «አባውት ፎን» ውስጥ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ንኩ፤ «ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ» ይከፈታል። እዚያ «ሜሞሪ» የሚለው የትኛው አፕ ስንት እንደሚይዝ ያሳያል። ሌላውን ግን አትነካኩ፤ እዩና ውጡ።

ዋናው ኃላፊነት ግን የእኛ የተጠቃሚዎቹ አይደለም፤ የአፕ ሠሪዎቹ ነው። መሣሪያው የለም እንዳይባል፣ አንድሮይድ ስቱዲዮ ከነፕሮፋይለሩ በነፃ ይገኛል። ስኩዌር የተባለው ኩባንያ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ይፋ ያደረገው ሊክካናሪም በነፃ፣ ያልተመለሰው ሚሞሪ ኮዱ ውስጥ የቱ ጋ እንደተያዘ ነቅሶ ያሳያል።

የፌስቡክ ታሪክ ጥሩ ትምህርት ነው። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ባለሙያዎቹ ወደ አፍሪካ መጥተው በአካባቢው የሚሸጡ አንድሮይድ ስልኮች ገዝተው አፑን ሞከሩት። አፑ ይጎተታል፣ በየጊዜው ይዘጋል፤ የወር ዳታቸውም በ40 ደቂቃ አለቀ። «ስልካችሁን ቀይሩ» ብለው አልተመለሱም፤ አፑን ማቅለል ጀመሩ። በ2015 ደግሞ ለደካማ ስልክና ለደካማ ኔትወርክ የተሠራው ፌስቡክ ላይት መጣ።

«ጊዜም በጀትም የለም» የሚል ሠሪ ይኖራል። አንድ ርካሽ ስልክ ገዝቶ አዲሱን አፕ ለተጠቃሚው ከመልቀቅ በፊት እዚያ ላይ መሞከር ግን ስንት ይፈጃል? ውድ ስልክ ላይ ብቻ ተሞክሮ የሚወጣ አፕ ወጪውን ወደ ተጠቃሚው ኪስ ነው የሚያሻግረው። እርግጥ በእውነትም ያረጀ ስልክ አለ፤ ባትሪው የደከመ፣ አፕዴት የቀረበት። እሱም ቢሆን በግምት ሳይሆን ተለክቶ ይታወቅ።

እኛም ድርሻ አለን። ፕሌይ ስቶር ላይ «አይሠራም» ብሎ አንድ ኮከብ ሰጥቶ መሄድ ማንንም አይረዳም። የስልኩን ሞዴል፣ የራሙን መጠን፣ ምን ስትነኩ እንደተዘጋ ጻፉ። እንዲህ ያለ አስተያየት ለሠሪው ችግሩን ይጠቁመዋል፤ ካላስተካከለ ደግሞ ጥፋቱ የስልካችሁ አለመሆኑ በግልጽ ይታያል።