ካሜራው ርቀቱን ያውቃል፣ ሰውየውን አያውቅም

የስፖርት ፎቶ አንሺዎች ሁለት ሦስት ሆነው ቡና ሲጠጡ አንድ ክርክር አይጠፋም። የየትኛው ካሜራ አውቶፎከስ ይታመናል? አንዱ ለካኖን ይሟገታል፣ ሌላው ለኒኮን፣ ሦስተኛው ለሶኒ። ክርክሩ የፈለገውን ያህል ቢጦዝ የሚያርፍበት ቦታ አንድ ነው። የድሮው ካሜራ ይስት ነበር፣ መስታወት አልባው አዲሱ ሚረርለስ ግን አይስትም፤ ስለዚህ ፎቶው የደበዘዘበት ሰው የካሜራውን ቦዲ ይቀይር። ይህ አባባል ከባለሙያዎቹ አልፎ የዝግጅት ክፍል ኃላፊዎችም እምነት ሆኗል። የሩጫ ፎቶ ደብዝዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የካሜራው ሞዴል ነው፤ ፎቶ አንሺው የት እንደቆመና ማንን ይጠብቅ እንደነበር የሚጠይቅ የለም።

እምነቱ ስህተት ነው። ስህተትነቱም አዲሶቹ ካሜራዎች ደካማ ስለሆኑ አይደለም። እንዲያውም በጣም ጎበዞች ናቸው። ችግሩ ጉብዝናቸው ያለው አንድ ሥራ ላይ ሆኖ ሳለ፣ ሰዎች በሌላ ሥራ የሚያምኗቸው መሆኑ ነው።

አውቶፎከስ የሚባለው ነገር ሁለት ሥራዎችን አጣምሮ የያዘ ነው። የመጀመሪያው ልኬት ነው፤ ይህ ነገር ከሌንሱ ምን ያህል ይርቃል? ሁለተኛው ምርጫ ነው፤ በሌንሱ ፊት ካሉት ነገሮች መለካት ያለበት የትኛው ነው? እ.ኤ.አ. በ1977 ኮኒካ በራሷ ፎከስ የምታደርግ ትንሽ ካሜራ ለገበያ ካቀረበ፣ በ1985 ሚኖልታ 7000 ከወጣ፣ ካኖንም በ1987 የኢኦኤስን መስመር ከጀመረ ወዲህ የመጀመሪያው ሥራ ያለማቋረጥ ሲሻሻል ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሶኒ አልፋ 9 በሰከንድ 20 ፎቶ እያነሳ በዚያችው ሰከንድ ርቀቱን እስከ 60 ጊዜ ያሰላል። ልኬቱ ተፈቷል ማለት ይቻላል። ምርጫው ግን አልተፈታም።

የተሳሳተውን እምነት ያጠነከረው አንድ እውነተኛ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ካኖን ኢኦኤስ 1ዲ ማርክ 3ን ለስፖርት ባለሙያዎች አቀረበ። በሰከንድ 10 ፎቶ የሚያነሳ፣ 45 የፎከስ ነጥብ ያለው ካሜራ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በሞቃትና ፀሐያማ ቀን የሚሮጥ ሰው ሲከተል ፎከሱ ይዋልላል የሚል አቤቱታ ከየአገሩ መጣ። ኩባንያው ከዋናው መስታወት ኋላ ያለችው ንዑስ መስታወት ላይ ችግር እንዳለ አምኖ ጥገና አዘጋጀ፤ ሶፍትዌሩንም ደጋግሞ አሻሻለ። ይህ የልኬት ስህተት ነበር፣ ጥፋቱም የካሜራው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ባለሙያው ሁሉ የደበዘዘ ፎቶ ባየ ቁጥር ያንን ካሜራ ማስታወስ ለመደ። የአንድ ሞዴል ሕመም የሁሉም ስህተት ማስረጃ ሆኖ ቀረ።

ሩጫ ላይ ምን እንደሚፈጠር በቁጥር ማየት ይቻላል። የባለ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብርሃን ማስገቢያን 2.8 ላይ ከፍቶ 20 ሜትር ላይ ያለ ሯጭ የሚያነሳ ሰው፣ ጥርት ብሎ የሚወጣለት ጥልቀት 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከሯጩ አፍንጫ እስከ ትከሻው ጀርባ እንደ ማለት ነው። የመጨረሻውን ዙር በ54 ሰከንድ የሚዘጋ የ10 ሺህ ሜትር ሯጭ ደግሞ በሰከንድ 7 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። በሰከንድ 20 ፎቶ በሚያነሳ ካሜራ፣ በአንዱና በቀጣዩ ፎቶ መካከል ሯጩ 37 ሳንቲ ሜትር ተጉዟል። ሌንሱ የነበረበት ቦታ ላይ ቢቆይ፣ በቀጣዩ ፎቶ ሯጩ ከጥልቀቱ ወጥቷል። ስለዚህ ካሜራው ሯጩ ያለበትን ብቻ ሳይሆን የሚደርስበትንም መገመት አለበት። የዛሬዎቹ ካሜራዎች ይህን ግምት በሚያስደንቅ ሁኔታ ይሠሩታል፤ አንድ ሯጭ ብቻ እስካለ ድረስ።

ሁለት ሲሆኑስ?

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ የወንዶች 10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ የሆነውን ኢትዮጵያዊ አንባቢ አይረሳውም። ከ25ቱ ዙሮች የመጨረሻው ሊጋመስ ሲል ፖል ቴርጋት ፈትለክ ብሎ ወጣ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ተከተለው። በመጨረሻው ቀጥታ መንገድ ላይ የሚመራው ቴርጋት ነበር፤ ኃይሌ የደረሰበት መስመሩ ሥር ነው። ኃይሌ 27 ደቂቃ ከ18.20፣ ቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29። ከ25 ዙር በኋላ የቀረው ልዩነት 9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነበር፤ በዚያው ኦሊምፒክ የወንዶች 100 ሜትር ፍጻሜ ላይ አንደኛውንና ሁለተኛውን ከለየው 12 መቶኛ ያነሰ ማለት ነው።

አሁን ይህን ሩጫ ፊት ለፊት ሆኖ በሚጠብቅ ፎቶ አንሺ ዓይን እንየው። በዚያ ፍጥነት 9 መቶኛ ሰከንድ ወደ 70 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከላይ የጠቀስነው ጥልቀት ደግሞ 40 ነው። ስለዚህ በመስመሩ ላይ ሁለቱ ሯጮች አብረው ጥርት ሊሉ አይችሉም። ፎከሱ ኃይሌ ላይ ካረፈ ቴርጋት ይደበዝዛል፣ ቴርጋት ላይ ካረፈ ኃይሌ ይደበዝዛል፣ መሐል ላይ ካረፈ ሁለቱም ይበላሻሉ። የትኛውም ካሜራ፣ የትኛውም ዋጋ ይህን አይለውጠውም።

እንግዲህ ጥያቄው የልኬት አይደለም፤ ማንን ነው የምትይዘው የሚል ነው። ዛሬ በእጅ ያለው ምርጥ ሚረርለስ በዚያች ቀን ሲድኒ ቢገኝ ምን ያደርግ ነበር? ቅርብ ያለውን ፊት፣ ማለትም የሚመራውን ቴርጋትን ይይዛል። ከያዘ በኋላም ይከተለዋል፤ አለመልቀቅ የተሠራበት ጥበብ ነውና። በጎን እየደረሰ ያለው ኃይሌ ለካሜራው አልፎ ሂያጅ ነው፣ ሊያስተው የመጣ መሰናክል ነው። መስመሩ ላይ ሲደርሱ የሚወጣው ፎቶ ጥርት ያለ ሁለተኛና የደበዘዘ አንደኛ ይሆናል። ካሜራው ግን ምንም አልሳተም። የታዘዘውን ሰው ትክክለኛ ርቀት ለክቶ ሰጥቷል።

የኃይሌን አጨራረስ የሚያውቅ ፎቶ አንሺ ግን ገና ደወሉ ሲደወል ሌንሱን ከመሪው አንስቶ ኃይሌ ላይ ያሳርፋል። ይህን ያወቀው ከዚያ አራት ዓመት በፊት በአትላንታም ኃይሌ ቴርጋትን ቀድሞ ሲያሸንፍ ስላየ ነው። ይህ እውቀት ከየትኛውም ቦዲ ውስጥ አይገኝም፤ ሩጫ ከማየት ብቻ ይገኛል።

ወደ ኋላም ሲሄዱ ታሪኩ ያው ነው። አበበ ቢቂላ በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ምሽት፣ ሮም ውስጥ በኮንስታንቲን ቅስት ሥር በባዶ እግሩ ሲገባ ጨለማ ነበር፤ መንገዱንም ወታደሮች በችቦ ያበሩ ነበር። አውቶፎከስ ያለው ካሜራ ገበያ ሊወጣ 17 ዓመት ይቀረው ነበር። ያም ሆኖ የዚያ ምሽት ፎቶዎች ዛሬም በየቤቱ ግድግዳ ላይ አሉ። በዚያ ዘመን ልማዱ ርቀቱን አስቀድሞ ለክቶ ሌንሱን በእጅ እዚያ ላይ ማቆምና ሯጩ ወደዚያ ነጥብ እስኪደርስ መጠበቅ ነበር። ልኬቱ አንድ ጊዜ ይደረጋል፤ የቀረው ማንን እንደሚጠብቁ ማወቅ ነው።

ካሜራዎቹ ምርጫንም እየተማሩ ነው የሚል አለ። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ካኖን አር 1 በእግር ኳስ፣ በቅርጫት ኳስና በመረብ ኳስ ላይ ማን እንደሚመታ ለይቶ ፎከሱን ወደዚያ ተጫዋች እንዲያዞር ተዘጋጅቷል። ሦስቱን ጨዋታዎች ልብ ማለት ያስፈልጋል። ካሜራው የሚያውቀው የተማረውን ነው። የገና ጨዋታን ያስተማረው የለም።

ገና ደግሞ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከሰብል በኋላ ባለው ሜዳ ላይ ሲጫወቱት ማንኛውንም አውቶፎከስ የሚፈትን ጨዋታ ነው። የሜዳው ወሰን የተሰመረ አይደለም፣ የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም፣ መለያ የለም፤ ብዙዎቹ ነጠላ ወይም ጋቢ አሸርጠዋል። በዱላ የምትመታው ኳስ፣ ሩሯ፣ በገለባው መሐል እንደ ድንጋይ ትንሽ ናት። ፎቶ አንሺው ተንበርክኮ ወደ ሩሯ የሚሮጠውን ሰው ይዟል እንበል። ሰውየው ጎንበስ ሲል ፊቱ ወደ መሬት ይዞራል፤ ካሜራው ዓይኑን ያጣዋል። በዚያች ቅጽበት ከበስተግራ ሌላ ሰው ቀና ብሎ ይገባል። በካሜራው መመልከቻ ውስጥ ፎከሱ ያለበትን የምታሳየው ትንሿ ሳጥን ከጎንባሹ ትዘልና ቀና ያለው ሰው ዓይን ላይ ታርፋለች። ዱላው ወርዶ አቧራው ሲነሣ ካሜራው ያተረፈው ጨዋታውን ቆሞ የሚያይ ሰው ፊት ነው፤ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ይቆጠራል። መቺው፣ ዱላውና ሩሯ ከኋላው ነጭ ጭጋግ ሆነዋል።

ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ባለ ቦታ የፊት መለያውን ያጠፋዋል። ፎከሱን ወደ አንዲት ነጥብ ያጠብባል፣ ፎከስ ማድረጊያውን ከመዝጊያው ለይቶ በአውራ ጣቱ ወደሚጫነው የኋላ ቁልፍ ያዛውራል፤ በመሐል ሌላ ሰው ሲያልፍ ካሜራው ቶሎ እንዳይዘል የመከታተያውን ስሜት ይቀንሳል። ነጥቧንም ፊት ላይ አያሳርፋትም፤ ነጩ ጋቢ ላይም አያሳርፋትም፣ ምክንያቱም ወጥ ነጭ ጨርቅ ካሜራው የሚይዘው መስመር የለውም። ዱላውን የጨበጠው እጅ ላይ ያሳርፋታል። ይህ ሁሉ አሥር ዓመት ባረጀ ካሜራም ይሠራል።

በመስቀል አደባባይም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር በሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አንድ ዓይነት ከናቴራ ለብሶ ይመጣል። ፊትን የሚፈልግ ካሜራ በዚያ ሕዝብ መሐል የሚፈልገውን ሁሉ ያገኛል፤ ፎቶ አንሺው የፈለገውን ግን አያገኝም። በዚያ ላይ ፀሐይ የበላው አስፋልት ላይ የሚነሣው ሙቀት በረጅም ሌንስ ሲታይ የሰውን ፊት ያንቀጠቅጠዋል። ይህን ድብዝዝነት ያመጣው አየሩ ሆኖ ሳለ ካሜራው ይወቀስበታል።

አዲሱ ካሜራ ከመቶ ፎቶ ብዙውን ጥርት አድርጎ ይሰጣል የሚል መልስ ይሰነዘራል። ይስጥ። ጋዜጣው የሚያትመው አንዱን ነው፤ ያም አንዱ ኃይሌ ቴርጋትን የቀደመበት ቅጽበት ካልሆነ ዘጠና ዘጠኙ ጥርት ማለታቸው ለማንም አይጠቅምም።

የአንሺውን እውቀት ታዲያ ማን ይመሰክራል? በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ፣ ምስክር ቤት መሆኗን የቤተ ክህነት ትምህርት የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ድጓን በሌላ አድባር ለዓመታት የተማረ ሰው እዚያ ሄዶ በመምህሩ ፊት ይቀርባል፤ የሚመሰከርለትም ዜማውን መምህሩ በጆሯቸው ሰምተው ሲያጸኑት ነው። መጽሐፉ በብራና ላይ ምን ያህል አምሮ ቢጻፍ የተማሪውን ችሎታ አይመሰክርለትም። የስፖርት ፎቶግራፍ በአገራችን ያጣው ይህን ምስክር ነው። ለካሜራው ደረሰኝ አለ፣ ዋስትና አለ፣ ሳጥን አለ። አንሺው ሩጫውን ማወቅ አለማወቁን የሚፈትን ግን የለም።

ስለዚህ የስፖርት ዝግጅት ክፍሎች ለአንድ አዲስ ቦዲ የሚያወጡትን ገንዘብ ለሁለት ዓመት ያቁሙት። በዚያው ገንዘብ ፎቶ አንሺዎቻቸውን በቆጂ ይላኩ፤ ሯጮቹ ገና በልምምድ ላይ ሳሉ ማን ከኋላ እንደሚመጣ፣ ማን ዙር ሲቀረው ትከሻውን እንደሚነቀንቅ ይዩ። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በአገው ፈረሰኞች በዓል ሜዳ ዳር ያቁሟቸው። በገና ሰሞን ጋይንት ይላኳቸው። ከሚቀጥለው ሩጫ በፊት ባለው ምሽትም ለፎቶ አንሺው የሌንስ ዝርዝር ከመስጠት ይልቅ የተወዳዳሪዎቹን ስምና የመጨረሻ ዙር ሰዓታቸውን ይስጡት፤ ጠዋት ደወሉ ሲደወል ትንሿን ሳጥን ማን ላይ እንደሚያሳርፍ አውቆ ይቆማል።