ሚዜ የሚምለው ለማን ነው?

የህንድ ፊልም የሚወዱ ወንዶች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ የማይነካ ጀግና አለ። ለጓደኛው ሲል የሚወዳትን ሴት የሚተው ወንድ። ድሮ ቪዲዮ ቤት ተጋፍቶ ያየውም፣ በሚሞሪ ካርድ አስገልብጦ በስልኩ ያየውም፣ ዛሬ በዚ ዓለም የህንድ ድራማ በአማርኛ ድምፅ የሚከታተለውም ስለዚህ ሰው ሲያወራ ድምፁ ይለሰልሳል። «ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው!» ይባላል።

አይደለም። ሰውየው በደንብ ከተመረመረ የሰጠው ነገር የራሱ አልነበረም።

ከእነዚህ ፊልሞች ስመ ጥሩን እንውሰድ። የራጅ ካፑር «ሳንጋም» የወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ርዝመቱ ወደ አራት ሰዓት ይጠጋል። ሱንዳርና ጎፓል የልጅነት ጓደኛሞች ናቸው። ሁለቱም ራዳን ይወዳሉ። ራዳ የምትወደው ጎፓልን ነው። ሱንዳር የአየር ኃይል አብራሪ ሆኖ ወደ ግዳጅ ሲሄድ ጎፓልን ቃል ያስገባዋል፤ በእሱና በራዳ መካከል ሌላ ወንድ እንዳይገባ ይጠብቅለት ዘንድ። ከዚያ ሱንዳር ሞተ ይባላል። ጎፓልና ራዳ ፍቅራቸውን ገልጠው ሊጋቡ ሲያስቡ ሱንዳር በሕይወት ይመለሳል። ጎፓል ምንም ሳይናገር ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ራዳ ሱንዳርን ታገባለች። በኋላ ሱንዳር ስም ያልተጻፈበት የፍቅር ደብዳቤ ያገኛል፤ ቅናት ያሳብደዋል፤ ሚስቱን ያሰቃያታል። መጨረሻ ላይ ጎፓል ደብዳቤውን የጻፈው እሱ መሆኑን ተናዞ በሱንዳር ሽጉጥ ራሱን ይገድላል።

ተመልካች ለጎፓል ያለቅሳል። ግን አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፤ በዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ ራዳን «አንቺስ ማንን ትመርጫለሽ?» ብሎ ምርጫዋን ያከበረላት ማን ነው? ቃል የተገባባው ወንድ ከወንድ ጋር ነው። የፈረሰው የእሷ ትዳር፣ የታመመው የእሷ ልብ፣ ቅናት የወረደባት እሷ። ሁለቱ ወንዶች ለአንዳቸው የሌላው ታማኝ ሆነው ለመቆየት የከፈሉበት ገንዘብ ራዳ ነበረች። ፊልሙም ይህን ሳያውቀው አልቀረም፤ መጨረሻው ላይ ራዳ ምሬቷን በሁለቱም ላይ ታወጣለች። የሚያሳዝነው፣ ተመልካቹ ከፊልሙ ወጥቶ የሚያስታውሰው የእሷን ምሬት ሳይሆን የጎፓልን ሞት ነው።

ይህ የድሮ ፊልም ስለሆነ ነው የሚል ካለ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን «ካል ሆ ና ሆ»ን ይመልከት። ሻህ ሩክ ካን የሚጫወተው አማን የልብ ሕመምተኛ ነው፤ እንደሚሞት ያውቃል። ናይናን ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። እሱ ግን ሚስት አለኝ ብሎ ይዋሻታል፤ ከዚያም ከጓደኛዋ ከሮሂት ጋር ሊያጣምራት ይደክማል። በሞት አልጋው ላይ ደግሞ ከሮሂት ጋር ይነጋገራል፤ በዚህኛው ሕይወት ያንተ ትሁን፣ በሚቀጥሉት ሕይወቶች ግን የእኔ ናት። ሮሂትም ይስማማል። የሰውየው ደግነት ያስለቅሳል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የሚቀጥለውን ሕይወት ሳይቀር ሁለት ወንዶች እንደ እርሻ ማሳ ሲከፋፈሉት የማሳው ባለቤት በክፍሉ ውስጥ የለችም።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይነሳሉ። የመጀመሪያዎቹ «አልን እኮ! የህንድ ፊልም ወጣቱን አበላሸው፤ ባህሉን አስጣለው» ይላሉ። እነዚህ ተሳስተዋል። ህንድ ለዚህ አገር ባዕድ አይደለችም፤ በንጉሡ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩት ብዙዎቹ ህንዳውያን ነበሩ። ፊልሙም ችግሩን ከውጭ አላመጣውም። ሴትን ሳይጠይቁ ስለ ሴት መወሰን ከሙምባይ በመርከብ የገባ ዕቃ አይደለም። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት የፈጠረው ራጅ ካፑር አይደለም።

ሁለተኛዎቹ ደግሞ «ፊልም ነው፤ ምን ያካብዳል?» ይላሉ። እነዚህም ተሳስተዋል። ሰው አራት ሰዓት ሙሉ እያለቀሰ የሰማው ስብከት ነው። ደግሞስ የተለየ ታሪክ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ተጽፏልም። «ሳንጋም» በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1958 ዓ.ም፣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ። እዚያም ጓደኛ አለ፤ ጉዱ ካሳ። ጉዱ ካሳ የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ ነው፤ ከዘመዱና ከዘመኑ ሥርዓት ጋር ተጣልቶ የቆመው ግን ከበዛብህና ከሰብለ ወንጌል ጋር ነው። ሰብለን ለማንም አልሰጣትም፤ ምርጫዋ የእሷ መሆኑን አወቀላት። ሰዎች «ጉዱ» ያሉት ለዚህ ዓይነት አስተሳሰቡ ነው። የጓደኝነት ሚዛን ይህ ነው።

ሚዛኑ ደግሞ በልብ ወለድ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ፣ በሌላውም የአማራ ገጠር፣ ከማንም ፊልም በፊት የነበረ አንድ የወንድ ጓደኝነት ሥርዓት አለ፤ ሚዜነት።

ሚዜ ማን ነው? የሙሽራው የቅርብ ጓደኛ። ሆኖም በሰርጉ ቀን የሚገባው ቃል ለሙሽራው አይደለም፤ ለሙሽሪት ነው። ወንድም ይሆናታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእሱ እንደ እናቱ ልጅ ናት፤ በሌላ ዓይን ሊያያት ነውር ነው። ከወላጆቿ ቤት ወጥታ ወደማታውቀው ቤት ስትገባ የሚያጅባት እሱ ነው። ባሏ ቢበድላት፣ ቢመታት፣ አቤት የምትለው ለሚዜዋ ነው። ሚዜውም ጓደኛውን ይወቅሳል፤ ያስታርቃል። ልብ ይባል፤ ሥርዓቱ የባልን የቅርብ ጓደኛ ወስዶ የሚስት ጠበቃ ያደርገዋል። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ባል የሚያፍረውና የሚሰማው ሰው ቢኖር ጓደኛውን ነውና።

ጎፓል ከዚህ ሚዜ አጠገብ ሲቆም ያንሳል። ጎፓል ለጓደኛው ምሎ ሴቲቱን ተወ። የደጋው ሚዜ ለሴቲቱ ምሎ ጓደኛውን ይገሥጻል። የትኛው ከባድ ነው? ዝም ብሎ ማፈግፈግ ቀላል ነው፤ ያስመሰግናልም። ወዳጅን ፊት ለፊት «ተሳስተሃል» ማለት ነው የሚከብደው።

የአገሩ ሌላ ልማድም ይህን ይደግፋል። በመንዝ ሴት ልጅ በአባቷም በእናቷም በኩል ርስት የመካፈል መብት ነበራት። በሰማንያ የተጋባች ሴት ፍቺ ጠይቃ ከጋራው ሀብት ድርሻዋን ይዛ ልትወጣ ትችል ነበር። ዛሬም በክልሉ የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይሰፍራል። ይህ ማለት የደጋዋ ሴት ነፃ ነበረች ማለት አይደለም። ሽማግሌ የሚላከው ለአባቷ ነበር፤ እሺ የሚለውም እሱ። ብዙዎቹ ገና ልጅ ሳሉ ነው የተዳሩት። ነገር ግን «ሴትን ሳይጠይቁ መስጠት ባህል ነው» የሚል ሰው ባህሉን ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው። ያው ባህል መሬት ሰጥቷታል፣ ድርሻ ሰጥቷታል፣ ሚዜ ሰጥቷታል።

ታዲያ ሚዜው ዛሬ የት ነው ያለው? ጥያቄው የሚቆረቁረው እዚህ ላይ ነው።

የወንዶች ጓደኝነት ወዴት ሊያመራ እንደሚችል ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው «ድፍረት» ፊልሙ አሳይቷል። ከአርሲ የተነሳ እውነተኛ ታሪክ ነው። የ14 ዓመቷን ሂሩትን ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ ከብበው የሚጠልፏት ወንዶች እርስ በርሳቸው ጥሩ ጓደኛሞች ናቸው። ለወዳጃቸው ሲሉ ነው የመጡት። እያንዳንዳቸው ቢጠየቁ «ጓደኛዬን ልተባበር» ይሉ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ወንዶች ሲያብሩ ደግሞ ሕፃን ልጅ ያስራሉ።

የዚያን ጊዜው ሕግ ራሱ ከጠላፊው ጋር ያበረ ይመስል ነበር። የ1949 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 558 ጠላፊው የጠለፋትን በሕግ ካገባ ከክስ የሚያመልጥበት በር ትቶለት ነበር። በ1997 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘጋው። በአንቀጽ 587 ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ጋብቻ ተከተለ ተብሎም ወንጀሉ አይሰረይም። አንቀጽ 648 ደግሞ ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ የሚያገባን ሰው ይቀጣል፤ ልጅቷ 13 ዓመት የሞላት ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከዚያ በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995ም እንዲሁ።

ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ለንደን ላይ መንግሥት ያለዕድሜ ጋብቻን በ2025 አጠፋለሁ ብሎ ቃል ገብቶም ነበር። ዓመቱ አልፏል፤ ልጆች ዛሬም ይዳራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት የኢትዮጵያ ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። የወንዶቹ አጋማሽ 23.7 ነው። የአማራ ክልል ሴቶች ከአገሪቱ በትንሽ ዕድሜ ከሚዳሩት መካከል ናቸው። ከእነዚህ ቁጥሮች ጀርባ ዳስ አለ፣ ጠላ አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ ሚዜም አለ። ልጅቷ ባዳሪና በአግቢ ብቻ አልተዳረችም። ከሙሽራው ጎን ቆሞ፣ ከረባቱን አስተካክሎ፣ የጨፈረ ጓደኛ ነበር። ዕድሜዋን ያውቅ ነበር። ለጓደኛው ሲል ዝም አለ። ያ ዝምታ የጎፓል ዝምታ ነው።

«ሚዜ ምን አገባው? የሚወስኑት ወላጆች ናቸው» ይባል ይሆናል። ሚዜ ከሌለ ግን ሰርግ የለም። አባት ቢቆጣ ሙሽራው ይችለዋል፤ አብረውት ያደጉት ወንዶች አንድ በአንድ «በዚህ ሰርግ አልቆምም» ቢሉት ግን በሰፈሩ ፊት ብቻውን ይቀራል። ፖሊስ የማይደርስበት ቀበሌ አለ፤ ጓደኛ የማይደርስበት ሙሽራ የለም።

«ለወዳጅ ራስን አሳልፎ መስጠት የወንጌል ትምህርት ነው» የሚልም አይጠፋም። ትክክል ነው። ግን የተባለው በደንብ ይነበብ። ሰው ስለ ወዳጆቹ አሳልፎ የሚሰጠው የራሱን ነፍስ ነው። የጎረቤትን ልጅ ነፍስ አልተባለም።

«ደሃ አባት ልጁን ካልዳረ በምን ያሳድጋት?» የሚለው ክርክር ከሁሉም የከበደ ነው፤ ችግሩ እውነተኛ ነውና። ነገር ግን በዚሁ ደጋ ሰው በችግር ውስጥ ሆኖ መጠበቅን ያውቅበታል። ጓሳ ምስክር ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ቤቱ ክዳን እየፈለገ፣ ከብቱ እየተራበ፣ ሣሩ እስኪደርስ ድረስ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ዓመት እንኳ ዘግቶ ይቆይ ነበር። ያለጊዜው ያጨደውን ጎረቤቱና ጓደኛው ይዞ ያስቀጣው ነበር። ማንም «ጓደኛዬ ስለሆነ ዝም ልበለው» አላለም። ለሣር እንዲህ መጠበቅ የቻለ ሕዝብ ለልጅ አይችልም የሚል ካለ መንዝን አያውቃትም።

ስለዚህ ነገሩ አጭር ነው። የጥር ሰርግ ሲቃረብ «ሚዜ ሁነኝ» የተባለ ወጣት እሺ ከማለቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ። ዕድሜዋ ስንት ነው? ራሷስ ምን አለች? መልሱ ከሽማግሌ ሳይሆን ከልጅቷ አፍ ይሰማ። ዕድሜዋ ካልደረሰ ወይም ካልፈቀደች ሚዜ አይሁን፤ ሌሎቹም እንዳይሆኑ ይንገር። ጓደኛው ይቀየመው ይሆናል። ይቀየም። ወህኒ ከመውረድና የልጅ ዕንባ ከመጠጣት ያዳነው ጓደኛ ማን እንደነበረ ኋላ ይገባዋል።

ፊልሙንም ማየት አይከለከልም። «ሳንጋም»ን ደግሞ ያየ ሰው ግን ጎፓል ሲወድቅ ማልቀሱን ትቶ ለአንድ ጊዜ እንኳ ራዳን ይመልከት። ከጎኗ የሚቆም ሚዜ አልነበራትም። የመንዝ ልጅ ግን እንዲኖራት ሥርዓቱ ደንግጎላታል፤ የጎደለው ቃሉን የሚጠብቅ ወንድ ነው።