የዶሮ ሾርባው ኳርተርባክ

እሁድ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ይጮኻል። ቨርጂኒያ ያለው የልጅ ልጄ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። እስከ አምና ድረስ ወሬያችን እንዲህ ነበር፦ «ደህና ነህ?» «ደህና።» «ትምህርትስ?» «ጥሩ።» «በላህ?» «አዎ እማማ።» ከዚያ ስልኩ ወደ እናቱ ያልፋል። ልጆቻችሁ ውጭ አገር ወልደው የሚያሳድጉ አያቶች ይህቺን ንግግር በቃላችሁ ታውቋታላችሁ።

አንድ እሁድ ግን «እማማ፣ ከጆ ሞንታናና ከቶም ብራዲ ማን ይበልጣል ትያለሽ?» አለኝ። (አንቱ ማለት አልለመደም፤ እኔም ትቼዋለሁ።) ሁለቱንም አላውቃቸውም። «አንተስ ማን ትላለህ?» አልኩት። አርባ ደቂቃ ሙሉ አወራ። ስልኩን ስዘጋ ወረቀትና እስክሪብቶ ፈልጌ የሰማሁትን ጻፍኩ፤ ለሚቀጥለው እሁድ ተዘጋጅቼ መጠበቅ ነበረብኝ።

ነገሩ የአሜሪካኖቹ ፉትቦል ነው፤ ኳሷ ሞላላ ሆና አብዛኛው ጨዋታ በእጅ የሆነው። ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች ኳሷን ይቀበልና በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ለማን እንደሚወረውር፣ ለማን እንደሚያቀብል ወይም ራሱ ይዞ እንደሚሮጥ ይወስናል። ይህን ሁሉ የሚያስበው ግዙፍ ግዙፍ ሰዎች ሊጥሉት እየመጡበት ነው። ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኖ ያደረ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። የኮሌጅ ጨዋታም እዚያ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ ብራዲ የተጫወተበት የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከመቶ ሺህ ሰው በላይ ይይዛል።

የልጁ ንዴት ይሄ ነው፦ አትላንታ ከተማ የኮሌጅ ፉትቦል የክብር አዳራሽ አለ፤ እነሱ ሆል ኦፍ ፌም ይሉታል። ሞንታናም ብራዲም እዚያ የሉም። ከኮሌጅ በኋላ በፕሮፌሽናሉ ሊግ ሞንታና 4 ጊዜ፣ ብራዲ 7 ጊዜ ሱፐር ቦውል አሸንፈዋል። ደንቡ ግን ከኮሌጅ በኋላ የሆነውን አይቆጥርም። ተጫዋቹ ኮሌጅ ሳለ ከታወቁት መራጮች በአንዱ ቢያንስ አንድ ጊዜ በመላው አሜሪካ ምርጥ ቡድን አንደኛ ተርታ መመረጥ አለበት። ሁለቱም አልተመረጡም፤ ስለዚህ ስማቸው ለውድድር እንኳ አይቀርብም።

«ግፍ ነው!» ይላል። እኔ ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው። ብራዲ ሚቺጋን ሳለ ብዙ ጊዜ ተራ ጠብቋል፤ በመጨረሻው ዓመቱ እንኳ ቦታውን ከድሩ ሄንሰን ጋር ይጋራ ነበር። በ2000 (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ወደ ፕሮፌሽናሉ ሲገባ የተመረጠው 199ኛ ሆኖ ነው። ታላቅነቱ በኋላ የመጣ ነው። የኮሌጅ አዳራሽ በኮሌጅ ሥራው ቢመዝነው አልፈርድበትም።

ሞንታና ግን ሌላ ነው። በ1977 በኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ተጠባባቂ ነበር። ቡድኑ በፐርዱ 24 ለ 14 እየተመራ ሳለ ገባና 31 ለ 24 አሸንፈው ወጡ፤ በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆኑ። የመጨረሻ ጨዋታውን ደግሞ እንደ ነርስ ነው ያነበብኩት። ጥር 1 ቀን 1979፣ ዳላስ፣ ሜዳው በረዶ። ተጋጣሚው ሂውስተን ነው። ሞንታና የሰውነቱ ሙቀት ከ36 ዲግሪ በታች ወርዶ እየተንቀጠቀጠ ወደ መልበሻ ክፍል ወሰዱት፤ ብርድ ልብስ ደራርበውበት ትኩስ የዶሮ ሾርባ አጠጡት። ተመልሶ ገባ። በመጨረሻው ሩብ 34 ለ 12 ሲመሩ የነበሩትን ሰዓቱ ባለቀበት ውርወራ ደርሰውባቸው 35 ለ 34 አሸነፉ። እስከ ዛሬ የዶሮ ሾርባው ጨዋታ ይባላል። እኔ ተረኛ ብሆን ኖሮ አላስወጣውም ነበር፤ ሰው ሲበርደው መጀመሪያ የሚከዱት ጣቶቹና ማመዛዘኛው ናቸው። (ሾርባው ግን ትክክል ነው። በብርድ ለተጎዳ ሰው አረቄ የምትሰጡ ሰዎች ተዉ።)

ስለ ደንብ ስንከራከር አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። በሥራ ዘመኔ የምስጉን ሠራተኛ መራጭ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ቅጹ ለሥልጠና ወረቀት ነጥብ ይሰጥ ነበር። ዎርዳችን ውስጥ ሌሊት ሕመምተኛ ሲከፋበት ሁላችንም የምንቀሰቅሳት አንዲት ጤና ረዳት ነበረች፤ ወረቀት አልነበራትም፤ ነጥቧ አልሞላም። እኔም ፈርሜያለሁ።

ወደ ልጁ ልመለስ። የእኔን እጩ ያገኘሁት እየፈለግሁ ነው፦ የነብራስካው ቶሚ ፍሬዚየር። በ1994 እግሩ ውስጥ ደም ረግቶ አብዛኛውን የውድድር ዘመን ከሜዳ ራቀ። የረጋ ደም ከእግር ተነስቶ ሳንባ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ይህን ሳነብ ኳሷን ረሳኋት። በአዲሱ ዓመት ቀን ተመልሶ ማያሚን 24 ለ 17 አሸነፉ፤ ሻምፒዮን ሆኑ፤ በቀጣዩ ዓመትም ደገሙት። በፍጻሜው ፍሎሪዳን 62 ለ 24 ሲያሸንፉ ከያዙት ሰዎች እጅ እየተላቀቀ 75 ያርድ ሮጦ አስቆጥሯል። ቡድኑን ይዞ ከጀመራቸው 36 ጨዋታዎች የተሸነፈው 3 ነው። አንድም የፕሮፌሽናል ቡድን አልመረጠውም። የአዳራሹን ደንብ ያሟላ ሰው ሆኖ የገባው በ2013 ነው። «መወርወሩ ላይ ግን ሞንታናን አያክልም» ይለኛል ልጁ። ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ እያልን ያመሸን ሰዎች ይህን ክርክር እናውቀዋለን።

በዚህ መሀል ነው አንድ እሁድ ድምፁ ቀዝቅዞ «እማማ፣ እኔም ሦስተኛ ነኝ» ያለኝ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ኳርተርባክ ነው፤ ጨዋታው አርብ ማታ ነው። እናቱ አርብ ማታ ሥራ ላይ ናት፤ ሄዳ አታውቅም። ወቅቱ ከጀመረ አንድ ደቂቃ አልገባም፤ እሷ ግን እንደሚጫወት ነው የምታውቀው። «እንዳትነግሪያት» አለኝ።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ጭንቅላቱን እንደሆነ አልደብቃችሁም፦ ተመትተሃል? ራስ ምታት አለህ? አስመልሶሃል? ሰው የነገረህን ትረሳለህ? የለም፤ አሰልጣኙ ሌላውን ልጅ ስለሚመርጥ ብቻ ነው። ከዚያ «አልነግራትም፤ አንተ ትነግራታለህ። እስከሚመጣው እሁድ» አልኩት። ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ልጄ ብታውቅና «እማዬ፣ አንቺም ታውቂ ነበር?» ብትለኝ መልስ የለኝም።

ሐሙስ ነገራት። ተቆጣች፤ ስለ ወንበሩ ሳይሆን ስለ ውሸቱ። በቀጣዩ አርብ ከሥራ ተቀያይራ ሄደች፤ በብርድ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ቁጭ ብላ ልጇ ሳይገባ ጨዋታው አለቀ። በመኪና ሲመለሱ ስለ ፐርዱ ጨዋታ ነገራት አሉ። ስሙን እስካልጠቀስኩ ድረስ ይህን ሁሉ እንድጽፍ እሱ ራሱ ፈቅዶልኛል።

ባለፈው እሁድ ስደውልለት አሁንም ሦስተኛ ነው። ስለ እሱ ብዙም አላወራንም። በ2025 አዳራሹ ስለገባው የቨርጂኒያ ቴኩ ማይክል ቪክ ነው የተጨቃጨቅነው፤ ውሻ በማደባደብ ወንጀል ታስሮ የነበረው። እናቱ ከጓዳ ሆና «ደንቡ እሱን አስገብቶ ሞንታናን ያስቀራል?» እያለች ስትጮህ ይሰማኝ ነበር። ልጁ ደግሞ የቪክን ውርወራ እየቆጠረልኝ ነበር፤ ካርዴ አልቆ ተቋረጠ።