የ24 ሰከንድ ትርፍ

የሰፈራችን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ኮብልስቶን እያለ ማንም አይከንፍበትም ነበር። መኪናው ራሱ እየተንቀጠቀጠ ሾፌሩን "ረጋ በል" ይለዋል። አስፋልት ሲሆን ሁላችንም ደስ አለን። ከዛ በኋላ ግን የዋናው መንገድ መጨናነቅ የሰለቸው ሁሉ በእኛ በር ማቋረጥ ጀመረ፤ ሜትር ታክሲው፣ አይሱዙው፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ለማምጣት የቸኮለው ሁሉ። ትራፊክ ፖሊሱም ራዳሩም ዋናው መንገድ ላይ ናቸው። እዚህ ሾፌሩን የሚያየው ኳስ የሚጫወት ሕፃን ብቻ ነው።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ እስቲ ላስላው። መንገዱ 400 ሜትር ነው እንበል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በ48 ሰከንድ ይጨርሰዋል፤ በ60 የሚከንፈው በ24። ትርፉ 24 ሰከንድ ነው፤ እሱንም ጫፍ ላይ ዋናው መንገድ ለመግባት ተራ ሲጠብቅ ያጠፋዋል።

ወጪውስ? አደጋ አይቶ እግርን ፍሬን ላይ ለማሳረፍ አንድ ሰከንድ ይፈጃል እንበል። በዚያች ሰከንድ በ30 የሚሄደው 8 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በ60 የሚሄደው ወደ 17 ሜትር ይጠጋል፤ አራት ቪትዝ ተከታትለው የሚቆሙበት ቦታ ማለት ነው፣ ያውም ፍሬን ገና ሳይነካ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ መኪናው ይዞት የሚመጣው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። 24ቷን ሰከንድ ሾፌሩ ኪሱ ይከታል፣ ሂሳቡ ግን ለሌላ ሰው ነው የሚመጣው። ክፍል ውስጥ ኤክስተርናሊቲ ሲሉን የነበረው ይሄንኑ ነው።

ደግሞ ሂሳቡ የሚከፈለው አደጋ ሲደርስ ብቻ አይምሰላችሁ። ዳቦ እንዲገዛ የማይላከው የሰባት ዓመት ልጅ እየከፈለ ነው። ሜዳ የለም፣ መንገዱ ደግሞ ተወስዷል፤ ስለዚህ ልጁ ቤት ተዘግቶበት ስልክ ላይ ይውላል፣ ከዛ "የዘንድሮ ልጅ ስልክ ብቻ" ብለን እንወቅሰዋለን። ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ብቻቸውን ይሄዱ የነበሩ እማማም አሁን የሚያሻግራቸው ሰው ይጠብቃሉ። ይሄ በየትኛውም የአደጋ ሪፖርት ላይ አይመዘገብም።

ሰፈሩ ያገኘው መፍትሔ ምን መሰላችሁ? ገንዘብ አዋጥቶ በሌሊት ሲሚንቶ ማፍሰስ። ጉብታው ቀለም የለው፣ ምልክት የለው፤ ማታ የማያውቀው ሰው ዘሎበት የመኪናውን ሆድ ይልጣል፣ አምቡላንስም ላይ ያለው በሽተኛ ይንገጫገጫል። ነዋሪው ላይ ግን አልፈርድም። ሰው ሕግ የሚያወጣው ሕግ ሲጠፋበት ነው።

"ሾፌሮችን ማስተማር ነው" የሚሉ አሉ። ሾፌሩ እኮ ያውቃል። የራሱ ሰፈር ሲገባ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። የጎደለው እውቀት ሳይሆን ቀስ እንዲል የሚያስገድደው ነገር ነው፤ ያንን ደግሞ መንገዱ ራሱ ያደርገዋል። የሰፈሩን መግቢያ ማጥበብ፣ የእግረኛ ማቋረጫውን ከፍ ማድረግ፣ በልኩ የተሠራና ቀለም የተቀባ የፍጥነት ማብረጃ መትከል። ለገሃር መስቀለኛ መንገድ ላይ በቀለምና በአበባ ማስቀመጫ ሰፊው አስፋልት ተቀንሶ ለእግረኛ ቦታ ሲሰጥ አይተናል፤ ቢሊዮን ብር የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የስቶክሆልም የመንገድ ደኅንነት ጉባኤም እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነት ከ30 እንዳይበልጥ ነው የጠየቀው።

እኔ ከወረዳው የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ የውስጥ ለውስጥ መንገድ አስፋልት ሲነጠፍ ማብረጃው አብሮ ይሠራ፣ በዚያው ጨረታ፣ በዚያው በጀት። አስፋልቱ ለተነጠፈባቸው ሰፈሮች ደግሞ ዕድሮቻችን አሉ። ለድንኳንና ለወንበር የሚሰበሰበው ሕዝብ፣ ፊርማ አሰባስቦ ማመልከቻ ለማስገባት አንድ እሑድ ይበቃዋል።