የአዘዞ ሜዳ ታሪክ በማን ዓይን?

ስለ አዘዞው የጣሊያን አይሮፕላን ሜዳ የሚተረከው ታሪክ ከሞላ ጎደል የአብራሪው ታሪክ ነው፤ ከላይ ወደ ታች የታየ። እኛ ግን ከታች አንጋጠው ያዩት ሰዎች የልጅ ልጆች ነን። ዝም ማለት አይገባንም።

ትረካው እንዲህ ይላል። ጣሊያን መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ፤ ከተማዋንም የአማራ ግዛቱ መቀመጫ አደረጋት። በ1933 አዲስ አበባ ነጻ ስትወጣ ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ መሽጎ ቀረ። በመጨረሻ የቀሩት ሁለት ፊያት ተዋጊዎችና አንድ ካፕሮኒ ብቻ ነበሩ። ጥቅምት 14 ቀን 1934 አንዱ ፊያት በደቡብ አፍሪካ አይሮፕላን ተመትቶ ወደቀ፤ አብራሪው ማላቮልታም ሞተ። የመታው ጠላቱ እንኳ ጀግንነቱን የሚያወድስ መልእክት ከአየር ጣለለት።

ይሁን፤ የሞተ አንሰድብም። ግን እንጠይቃለን፦ እነዚያ ክንፎች በ1928 ምን ሲያዘንቡ ነበር? በሰሜን ግንባር በወታደሩም በገበሬውም ላይ የመርዝ ጋዝ ረጭተዋል። ቆዳው ለተላጠው ገበሬ ማን የሐዘን መልእክት ጣለለት? ከምድር በታች የተሸሸገውስ መች ተረፈ? በሚያዝያ 1931 መንዝ ውስጥ፣ ዘረት ዋሻ የገቡ አርበኞች ከነቤተሰባቸው በመርዝ ጋዝና በጥይት አልቀዋል። የመጨረሻውን ፊያት የሚያደንቅ ሰው ይህንም አብሮ ይንገረን።

ሌላም አለ። የጎንደር ጦርነት የሁለት ፈረንጆች ጠብ ተደርጎ ይወራል። የለም! ኅዳር 12 ቀን 1934፣ በሚካኤል ዕለት፣ ቁልቋል በር ሲሰበር አርበኞቻችን ነበሩበት። ናሲ እጁን የሰጠው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። በአርማጭሆ እነ አሞራው ውብነህ እንግሊዝ ሳይደርስ ለዓመታት ተዋግተዋል፤ አሞራ የተባሉት ያለ አይሮፕላን ነው። በፈረንጆቹ ጠብ መካከል ደግሞ የእንግሊዝ ቦምብ የታላቁ ኢያሱን ግንብ ጎዳ።

የእኛው ሰዎችስ? «ጣሊያን ባይመጣ ፒያሳው፣ ሲኒማ ቤቱ፣ ፖስታ ቤቱ ከየት ይመጣ ነበር?» የሚሉ ሞልተዋል። መንገዱ የተነጠፈው ጦር ሊያመላልስ፣ ሜዳውም የተደለደለው ቦምብ ሊያስጭን እንደሆነ ረስተውታል። ለመሆኑ የአዘዞን ሜዳ የደለደለው ማን ነው? መሬቱ ቀድሞ የማን እርሻ ነበር? ለባለ እርሻው ምን ተከፈለው? ይህን ሳይጠይቁ ማመስገን የባለ ዕዳ ጠባይ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ!

የምንለው ሐውልት ይቁም አይደለም። ዛሬም የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ያለው እዚያው አዘዞ ነው፤ መንገደኛው ሁሉ ይወርድበታል፣ ታሪኩን የሚነግረው ግን የለም። ያዩት ሽማግሌዎች አልቀው ጥቂት ቀርተዋል። ከእነሱ አፍ የሰሙ ልጆቻቸው ግን በአዘዞ፣ በጠዳ፣ በቆላ ድባ አሉ። ክረምት አገሩ የሚገባ ተማሪ ሁሉ ደብተር ይያዝ። ጢያራው ሲመጣ ሰዉ የት ይገባ ነበር? ከብቱስ? ለሞተው ምን ተብሎ ተለቀሰ? ይህን ጠይቆ ይጻፍ፤ የተናጋሪውንም ስም ሲፈቅድ አብሮ ይጻፍ።

የአብራሪው ስም ተመዝግቧል። አሁን የደልዳዩንና የሟቹን ስም አምጡ፤ በዚህችው ጽሑፍ እናትማለን።