የጥንቸሎቹ ካርቱንና የቻይና የኢንተርኔት እገዳ

የጥንቸሎቹ ካርቱን በጥር 2011 እ.ኤ.አ. የቤጂንጉ የአኒሜሽን ሠሪ ፒ ሳን ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው አጭር ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው። በቻይና የዘመን አቆጣጠር የነብር ዓመት አልቆ የጥንቸል ዓመት ሊገባ ሲል፣ እንደ አዲስ ዓመት የመልካም ምኞት ካርድ ሆኖ ተሠራ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ብዙ ሕዝብ አየው፤ ወዲያው ደግሞ ከአገሪቱ የቪዲዮ ገጾች ተነሣ። ድረ ገጽ መዝጋትና ቪዲዮ ማጥፋት በእርግጥ ይሠራል ወይ ለሚለው ክርክር ግልጽ ምሳሌ ነው።

ይዘቱ

ካርቱኑ ሲጀምር የልጆች ተረት ይመስላል። ጥንቸሎች በነብሮች ይገዛሉ፤ ነብሮቹም ስምምነት የሰፈነበት ጫካ እንገነባለን ይላሉ። ይህ በወቅቱ የነበሩት ፕሬዚዳንት ሁ ጂንታዎ «ስምምነት የሰፈነበት ኅብረተሰብ» ይሉት በነበረው መፈክር ላይ የተሰነዘረ ፌዝ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ለልጆች አይሆንም።

ግልገል ጥንቸሎች የተመረዘ ወተት ጠጥተው ይሞታሉ። በ2008 እ.ኤ.አ. ሜላሚን የተባለ ኬሚካል የተቀላቀለበት የዱቄት ወተት በቻይና 6 ሕፃናትን ገድሎ ወደ 300,000 የሚጠጉትን አሳምሟል። በሌላ ትዕይንት መኪና ጥንቸል ይገጫል፤ ነጂው ነብርም የአባቱን ስም ጠርቶ ይፎክራል። በጥቅምት 2010 እ.ኤ.አ. በሄቤይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሁለት ተማሪዎችን ገጭቶ አንዷን የገደለው የአንድ ምክትል የፖሊስ አዛዥ ልጅ እንዲሁ ማድረጉን ቻይናውያን ሁሉ ያውቁ ነበር። ቤት በግድ ሲፈርስም ይታያል። በእሳት በተያያዘ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ጥንቸሎቹ ተቀምጠው ነብሮቹ ቀድመው ይወጣሉ፤ ይህ በታኅሣሥ 1994 እ.ኤ.አ. በካራማይ ከተማ 325 ሰዎች፣ ከነዚህም 288 ተማሪዎች፣ ያለቁበትን ቃጠሎ ያስታውሳል። በመጨረሻ ጥንቸሎቹ ይነሡና ነብሮቹን ይነክሳሉ። ጥንቸልም ከተገፋች ትነክሳለች የሚል የቻይናውያን አባባል አለ።

ለምን ተነሣ?

ከነዚህ ክስተቶች አብዛኞቹ ምስጢር አልነበሩም። የወተቱንና የመኪናውን ጉዳይ የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ራሳቸው ዘግበዋቸዋል። ታዲያ ካርቱኑ ምን የተለየ ነገር አመጣ? ጋሪ ኪንግ፣ ጄኒፈር ፓንና ማርጋሬት ሮበርትስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት መልሱን ይጠቁማል። ሦስቱ ምሁራን በሚሊዮን የሚቆጠሩ የቻይና የኢንተርኔት ጽሑፎችን መርምረው፣ መንግሥትን መተቸት ብቻውን ብዙ ጊዜ እንደሚታለፍ፣ ሰዎችን በአንድነት ሊያነሣሣ የሚችል ነገር ግን እንደሚጠፋ አገኙ። ልጁ በወተቱ የታመመበት አንድ አባት ሌሎች ወላጆችን በድረ ገጽ አማካይነት በማሰባሰቡ በኅዳር 2010 እ.ኤ.አ. የሁለት ዓመት ተኩል እስራት ተፈርዶበት ነበር። ካርቱኑም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የተለያዩ ሰዎችን ሐዘን በአንድ ታሪክ አስሮ ጥንቸሎቹን በአንድ ላይ አስነሣቸው። ጊዜውም አልረዳውም። በዚያው ወር የቱኒዚያው ቤን አሊ ከሥልጣን ወርደው ሸሹ፤ ግብፅም ተከተለች፤ በቻይና ማኅበራዊ ገጾች ላይ «ግብፅ» የሚለውን ቃል መፈለግ እንኳ ታግዶ ነበር።

ሁለቱ ዓይነት እገዳ

ብዙ ጊዜ «ቻይና ኢንተርኔት ዘጋች» ሲባል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይደባለቃሉ። አንደኛው በድንበር ላይ የሚሠራ ነው፤ ተጠቃሚው የውጭ ድረ ገጽ አድራሻ ሲጽፍ የተሳሳተ መልስ ይሰጠዋል ወይም ግንኙነቱ ይቋረጣል። ዩቱብ ከመጋቢት 2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ዊኪፔዲያም ከሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሁሉም ቋንቋዎች (አማርኛውን ጨምሮ) የተዘጉት በዚህ መንገድ ነው። ሁለተኛው በአገር ውስጥ ያለ ነው፤ የቪዲዮ ኩባንያዎች በገጻቸው ላይ ለሚወጣው ሁሉ በሕግ ተጠያቂ ስለሆኑ የራሳቸውን ሠራተኞች ቀጥረው ያጠፋሉ። ጥንቸሎቹን ያስወገደው ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ግን ያግዘዋል፤ ከአገር ውስጥ የጠፋው ቅጂ ዩቱብ ላይ ቢገኝም ወደዚያ የሚወስደው በር ዝግ ነው።

ክርክሩ

የቻይና መንግሥት በሰኔ 2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰነድ፣ በግዛቱ ውስጥ ያለ ኢንተርኔት በሉዓላዊነቱ ሥር መሆኑን ገልጿል። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው የተከለከለ ነገር ይበልጥ ይፈለጋል ይላሉ። ይህ አባባል ደስ ይላል እንጂ ሁልጊዜ አይሠራም። ሮበርትስ በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ እገዳ ሙሉ በሙሉ መዝጋት አያስፈልገውም፤ ማሰልቸት ይበቃዋል። ቪፒኤን የሚገዛና የካርቱኑን ስም አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ያገኘዋል። የማያውቀው ግን ከናካቴው አይፈልገውም፤ ተከልክሎ እንደነበርም አይሰማም። በሌላ በኩል፣ ካርቱኑ ከመጥፋቱ በፊት በነበሩት ቀናት ብዙዎች በኮምፒውተራቸው ላይ ገልብጠውት ስለነበር ማጥፋቱም ሙሉ አልሆነም።

በጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. ሳውዝ ፓርክ የተባለው የአሜሪካ ካርቱን ስለ ቻይና ሳንሱር አንድ ክፍል ሲያሳይ፣ ሥራው ከቻይና ገጾች በሞላ ጎደል ተጠረገ። አዘጋጆቹ አሜሪካ ተቀምጠው የፌዝ «ይቅርታ» አወጡ። ፒ ሳን ግን ካርቱኑን ያወጣው ቤጂንግ ሆኖ ነበር። እሱም በዚያው በ2011 እ.ኤ.አ. ስለታሰረው ሠዓሊ አይ ዌይዌይ የሱፍ ፍሬን ምልክት አድርጎ ሌላ አጭር ካርቱን አወጣ፤ ያም ከቻይና ገጾች ተነሣ።