«ትእዛዝ አታከብርም» ከማለታችን በፊት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ሕክምና የምንማር ተማሪዎችም ይህን አባባል ይዘን በሽተኛ ፊት እንቆማለን። ካልተሻለው ደብቆን ነው፤ ወይም ምክራችንን ንቆ ነው እንላለን። እንዲደብቅ ያደረገው ማን እንደሆነ ግን አንጠይቅም። በዚህ እትም ጉዳዩን ያነሣነው ሂሱን ከራሳችን ለመጀመር ነው።

ባለፈው የሙቀት ወራት በምንለማመድበት ሆስፒታል አንዲት ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ለስኳር በሽታ ክትትል መጣች። ዐረብኛዋ ለወጥ ቤት ሥራ እንጂ ሕመምን ለመግለጽ የሚበቃ ስላልነበረ ከመካከላችን ሁለታችን ለማስተርጎም ተጠራን። ጧትና ማታ ድብልቅ ኢንሱሊን እንድትወጋ ታዞላት ነበር። የደሟ ስኳር ግን ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ይጨምር ጀመር። በካርዷ ላይ «ትእዛዝ አታከብርም» ተብሎ ተጽፏል። ሐኪሙ ተቆጣ፤ እኛም ቁጣውን ሳናጎድል በአማርኛ አደረስነው። ይባስ ብለን ከራሳችን ጨመርንበት፤ «እኅቴ፣ ዓይንሽ ይጠፋል፣ እግርሽ ይቆረጣል» አልናት። አንገቷን ደፍታ «እሺ» አለች።

እውነቱ የወጣው በኋላ፣ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ተራ ስትጠብቅ ነው። አንዳችን «ለመሆኑ ቁርስ ስንት ሰዓት ትበያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። «ወንድሜ፣ እኔ የምበላው ማዳም ስትነሣ ነው። አንዳንድ ቀን አምስት ሰዓት፣ አንዳንድ ቀን ስድስት ሰዓት ይሆናል። አንድ ቀን ጧት ተወግቼ፣ ሳልበላ መስኮት ስወለውል ላብ በላብ ሆንኩና ዞረብኝ። ወደ ውስጥ ወደቅሁ እንጂ ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው። ከዚያ ወዲህ የጧቱን መርፌ ትቼዋለሁ» አለችን። ኢንሱሊኑንም ከምግብ ጋር ፍሪጅ ውስጥ እንዳታስቀምጥ ስለተከለከለች፣ ከምድጃው በላይ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ደብቃ ታኖረው ነበር።

እንግዲህ ፍርዱን አንባቢ ይስጥ። ድብልቅ ኢንሱሊን የምግብ ሰዓትን ተከትሎ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። የተወጋ ሰው ካልበላ የደሙ ስኳር ይወርዳል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይደናገራል፣ ራሱን እስከ መሳት ይደርሳል። እኛ ከዓመታት በኋላ በሚመጣ ዕውርነት ስናስፈራራት፣ እሷ የዚያኑ ዕለት ጧት ከሚመጣ ሞት እየሸሸች ነበር። አደጋውን መዝና የመረጠችው እሷ ናት፤ ሳንመዝን የፈረድነው እኛ ነን።

ነገሩን ተመልሰን ስንነግረው ሐኪሙ «ይህን እስካሁን ማን ነገረኝ?» አለ። መድኃኒቱን በቀን አንድ ጊዜ በሚወጋ፣ ረጅም ሰዓት በሚሠራና የቁርስን ሰዓት እምብዛም በማይጠብቅ ኢንሱሊንና በክኒን ለወጠላት። ለዚህ የወሰደው ጊዜ ከቁጣው ጊዜ አይበልጥም።

ይህ የአንዲት ሴት ታሪክ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ዘገባ፣ በበለጸጉት አገሮች እንኳ ሥር የሰደደ በሽታ ካለባቸው ሰዎች መካከል ሕክምናቸውን እንደታዘዘው የሚከታተሉት በአማካይ ከመቶ 50 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን ገልጿል። ግማሹ ሕዝብ «እልከኛ» ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ዓመቱ 8,760 ሰዓት አለው። በዓመት አራት ጊዜ ለ15 ደቂቃ የሚታይ በሽተኛ ከሐኪም ጋር የሚያሳልፈው አንድ ሰዓት ነው። በቀሩት 8,759 ሰዓቶች ራሱን የሚያክመው በሽተኛው ራሱ ነው።

ጾምንም እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመውና በ13 አገሮች በተደረገው ጥናት፣ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ካለባቸው ሙስሊሞች መካከል ከመቶ 79 ያህሉ በረመዳን ቢያንስ 15 ቀን ጾመዋል። ያገራችን ኦርቶዶክሳዊ ጿሚም እንዲሁ ነው። ሐኪሙ «አትጹም» ብሎ ብቻ ሲያሰናብተው «እሺ» ይላል፤ ቤቱ ገብቶ በድብቅ ይጾማል፤ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚያስተካክል የሚነግረው ግን የለም። አስቀድመን ብንጠይቀው አደጋው የከፋበትን ለይተን ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኹ ጋር እንዲመክር ማድረግ፣ ለሌላው ደግሞ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ማስተካከል፣ ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ጾሙን ወዲያው እንዲፈታ ማስተማር በቻልን ነበር።

ስለዚህ የሚከተሉትን እናሳስባለን።

አንደኛ፦ ጥያቄያችን ወቀሳ አይሁን። «መድኃኒትሽን በትክክል ትወስጃለሽ?» ሲባል መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «ባለፈው ሳምንት ስንት መርፌ አመለጠሽ? ምን አጋጠመሽ?» ብንል ግን እውነቱ ይወጣል።

ሁለተኛ፦ ሕክምናው ከኑሮው ጋር ይገጣጠም። ፍሪጅ የሌለውን ሰው «ኢንሱሊን አይሆንህም» ብሎ መሸኘት አይገባም። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲና ድንበር የለሽ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚለዋወጥ ሙቀት ለአራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንዳላጣ አሳይተዋል። ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ፣ በውኃ በረጠበ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ማኖር ለብዙዎች የሚቻል ነው።

ሦስተኛ፦ ሥራውን ለሐኪም ብቻ አንተወው። በጎንደርና በጅማ ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ነርሶች ሠልጥነው የስኳር፣ የደም ግፊትና የሚጥል በሽታ ያለባቸውን የገጠር ሰዎች በያሉበት አቅራቢያ እንዲከታተሉ ተደርጓል። ቀጠሮ ለማክበር ቀናት ይጓዝ ለነበረ ገበሬ ከቁጣ ይልቅ የጠቀመው የመንገዱ ማጠር ነው።

«ጊዜ የለም፤ ተራ የሚጠብቀው ብዙ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እውነት ነው፣ ብዙ ነው። ዳሩ ግን ያልተጠየቀው ጥያቄ ያቺን ሴት አራተኛ ፎቅ ላይ ሊገድላት ነበር።

ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ ግልጽ ነው። በሳምንት አንድ ቀን በክሊኒኩ ተራ ገብተው የሚያስተረጉሙ ተማሪዎች ይመደቡ። የስኳር መውረድ ምልክቶችንና ወዲያው የሚደረገውን የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽሑፍ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ይዘጋጅ። እስከዚህ ያደረሰን የወገናችን ላብ ነው፤ ከነዚህ እኅቶቻችን ብዙዎቹ በሚልኩት ገንዘብ ታናናሾቻቸውን የሚያስተምሩ ናቸው። ለሥራው የተዘጋጀን ሁለታችን ስማችንን አስመዝግበናል። ሌሎቻችሁም በሚቀጥለው ስብሰባ ስማችሁን አስመዝግቡ።